ሴቶቹ የከፈቱት ድልድይ

አጎቴ ግራዝማች ሀብተ ማርያም ቃሉን የማይበላ ሰው ነው። ይህን የምለው ላሞግሰው ብዬ አይደለም። ጉራቻ ወንዝ ማዶ ለሚኖሩት ጭሰኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲሠራ እፈቅዳለሁ አለ፤ ፈቀደ። ለድልድዩ ግንድ እሰጣለሁ አለ፤ ከገዛ ባሕር ዛፉ አስቆርጦ ሰጠ። ትምህርት ቤቱም ይኸው ቆሟል። አሰላ ውስጥ ለቅሶ ቤትም ሆነ ሠርግ ቤት ስለ እሱ ትምህርት ወዳድነት ወሬ ሲጀመር እኔ ነጠላዬን ሰብስቤ እወጣለሁ። የእናቴ ወንድም ስለሆነ ልሰድበው አልችልም፤ ቁጭ ብዬ የመስማት ግዴታ ግን የለብኝም።

ነገሩን የጀመረው ከዲሮ ነው።

ከዲሮ የጉራቻ ማዶ ልጅ ነው። አባቱ ሀሰኖ የአጎቴን መሬት ያርሳል፤ በየዓመቱ ጥር ላይ የአጎቴን ድርሻ ገብስ በአህያ ጭኖ መጥቶ አሰላ ያራግፋል። አንድ ጊዜ ልጁን አስከትሎ መጣ። እናቴ አባይነሽ ያኔ እንጨት የሚፈልጥላት ሰው አጥታ ስትማረር ነበርና ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አይታ፣ «ይሄን ተወው። እኔ ጋ እየበላ ይማር» አለች። በዚያው ቀረ። ከዲሮ የሚለው ስም ለአፏ አልመች ስላላት ፈቃደ አለችው፤ ትምህርት ቤትም በዚሁ ስም ተመዘገበ። ጠዋት ውኃ ይቀዳል፣ ይማራል፣ ሲመለስ ይፈልጣል፣ ማድቤት ይተኛል። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲመጣ በልጦኝ አለፈ፤ መጽሐፉም መብራቱም የእኔ ነበር። እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ አሰላ አስተማሪ ሆንኩ፤ እሱ አዲስ አበባ ሄዶ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያ እንደ ደረሰ ስሙን ወደ ከዲሮ መለሰ። እናቴ ስትሰማ አኮረፈች። «የወለደ ብቻ ነው እንዴ ስም የሚያወጣው? ያሳደገስ?» አለች።

አንድ ክረምት ለእረፍት መጥቶ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ «ጎበዝ ስለሆንኩ የተማርኩ እንዳይመስልሽ የሺ» አለኝ። «ከእኔ የሚበልጡ ልጆች እዚያ ማዶ ከብት ሲያግዱ አደጉ። እኔ የተማርኩት እናትሽ እንጨት ፈላጭ ስላጣች ነው። አንድ አገር ልጆቿን የምታስተምረው ፈላጭ በጠፋ ቁጥር ከሆነ ምኑን አገር ሆነች?»

እንዲህ ሲናገር ደስ ይለኝ ነበር፤ አልደብቅም። ይወደኝ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን እወደው ነበር። ለእሱ ነግሬው አላውቅም። የግራዝማች ሀብተ ማርያም የእህት ልጅ ለሀሰኖ ልጅ እንዲህ አለች ቢባል እናቴ በቁሟ ትሞት ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትምህርቱን ከመጨረሱ በፊት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ ያገለግል ነበር። የከዲሮ ተራ በ1963 ዓ.ም. ደረሰ። ጓደኞቹ መብራትና ሻይ ቤት ያለበት ከተማ ለማግኘት ሲራወጡ እሱ «ጉራቻ ማዶ መድቡኝ» አለ። እዚያ ትምህርት ቤት የለም አሉት። «ለዚህ እኮ ነው» ቢል ማን ይስማው፤ ሁሩታ መደቡት። እሱም አልሰነፈም። ጠዋት ሁሩታ ያስተምራል፤ ከምሳ በኋላ ወንዙን ተሻግሮ የሰፈሩን ልጆች ጽድ ሥር ሰብስቦ ፊደሉን በኦሮምኛ እያስረዳ ያስቆጥራል። ቆይቶ አባቶቻቸው አጎቴን አስፈቅደው በደቦ ግድግዳ አቁመው፣ ጭቃ መርገው፣ ሣር ከድነው ቤት ሠሩላቸው። ልጆቹም በዙ። ሴቶች ልጆች ሳይቀሩ መጡ፤ ይህ እንኳን ጉራቻ ማዶ አሰላም ገና ብርቅ ነበር።

ከዲሮን እንቅልፍ የነሳው የራሱ ዓመት ማለቁ ነበር። እሱ ሲሄድ ማን ያስተምራቸው? መንግሥት አስተማሪ እንዲመድብ አሰላ ወደሚገኘው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተመላለሰ። እዚያ ያለው ተቆጣጣሪ አቶ አስናቀ ይባላል፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንብ የሚወድ ሰው ነው። ከክፉ ሰው ጋር ቢሆን ይሻል ነበር እላለሁ አንዳንዴ፤ ክፉን ትለምነዋለህ፣ ትረግመዋለህ፤ ደንብን ምን ታደርገዋለህ?

«መኪና የማይገባበት ቦታ አስተማሪ አልመድብም» አለው አቶ አስናቀ። «ደመወዙ በምን ይደርሰዋል? እኔስ በምን ሄጄ እቆጣጠራለሁ? መኪና አስገቡና ጥሩኝ።»

ጉራቻ ደግሞ ገደል ነው። በጋ ላይ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ ይሻገሩታል፤ ክረምት ሲገባ ማዶና ማዶ ሆኖ በእጅ ሰላምታ መስጠት ብቻ ነው። ድልድይ ሳይሠራ መኪና አይገባም። ድልድይ ግንድ ይፈልጋል፤ ጭሰኛ ግንድ የለውም። ዛፍ ከተከለ ሥር ሰድጃለሁ ይላል ተብሎ ስለሚፈራ ባሕር ዛፍ መትከል ተከልክሏል። ስለዚህ ከዲሮ በጥምቀት ማግሥት እናቴ ቤት ምሳ ላይ አጎቴን ለመነው።

አጎቴ እጁ ላይ የነበረውን ጉርሻ ሳይውጥ፣ «ድልድይ? እናንተው ልትሠሩ?» አለ።

«እኛው በደቦ። ግንዱን ብቻ ነው የምንለምነው ግራዝማች።»

«ስንት ግንድ ይበቃችኋል? የምትሠሩት ለላንድሮቨር ብቻ እንዳይሆን። ስትሠሩ አጥብቃችሁ ሥሩት፤ ግንዱን ወፍራም ወፍራሙን አስመርጥላችኋለሁ።» እናቴ በደስታ፣ «እሰይ ወንድሜ! ፈቃዴ ሆይ፣ ተነሥና ጉልበቱን ሳም!» አለች። ከዲሮ ተነሥቶ ሳመ።

እኔ ግን ትራክተሩን አሰብኩ። ከወንዙ ወዲህ ያለውን መሬት አጎቴ ቀደም ብሎ በትራክተር ማሳረስ ጀምሮ ነበር። እዚያ የነበሩት ጭሰኞች በአንድ ምርት ጊዜ ተነሥተው ማን የት እንደ ገባ አይታወቅም። ማዶውን ያዳነው ገደሉ ነው። ከዲሮን በር ድረስ ሸኝቼው፣ «ትራክተሩስ?» አልኩት። አላፈረም፤ አስቦበት ነበር።

«ትራክተሩ ድልድይ ኖረም አልኖረም አንድ ቀን ይመጣል። ሲመጣ የሚያገኘው ማንም የማያውቀው ሰፈር ከሆነ ጠራርጎ ያባርረዋል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ያለበትን ሰፈር ግን እንዴት ያነሣል? ተማሪውን አባርሮ ማንን ሊያስተምር? አቶ አስናቀንም ጠይቄዋለሁ። ሳቀብኝ። ሰው የሌለበት ትምህርት ቤት የት አይተህ ታውቃለህ ነው ያለኝ።»

ዩኒቨርሲቲ «መሬት ላራሹ» እያለ ከፖሊስ ዱላ ሲሸሽ የከረመ ልጅ ይህን ያምን ነበር። ባለመሬቱን አላመነም፤ ንጉሡንም አላመነም። ትምህርት ቤትን ግን አመነ። ሌላ ምን ነበረው የሚያምነው?

የካቲትን ሙሉ ደቦ ሆነ። ወንዶቹ ግንዱን በትከሻ እየዘፈኑ ያወርዳሉ፤ ሴቶቹ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ ለውሰው ጩኮ ያበሏቸዋል። እኔም አንድ ቅዳሜ ሄጄ አየሁ። ሀሰኖ ሽበቱ ጭቃ ለብሶ የልጁን ትእዛዝ ይቀበላል፤ ያቺ ግንድ ወዲህ፣ ያቺ ወዲያ ሲለው «ኤዬ፣ ኤዬ» ይላል። እንደዚያ የኮራ አባት አላየሁም። ድልድዩ ሲያልቅ አጎቴ መጥቶ በሽማግሌዎች ፊት ቆመና፣ «ልጆቻችሁ ይማራሉ፤ ቃሌ ነው» አለ። ስለ መሬቱ አንድም ቃል አልወጣውም። ማንም አልጠየቀውም፤ በደስታ መሀል እንዲህ ያለ ጥያቄ ነውር ነው።

ሚያዝያ ላይ ትራክተሩ መጣ። ጭሰኞቹ «ለዚህ ክረምት እንዳትዘሩ» የሚል መልእክት ከደረሳቸው ገና ሳምንቱ ነበር። ወንዶቹ ሸንጎ ተቀምጠው ሲመክሩ ሴቶቹ አልጠበቋቸውም፤ ሲንቄያቸውን ይዘው ወጡ።

ሲንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። በደል ሲበዛ ሴቶች እሷን ይዘው ይሰለፋሉ፤ ሲንቄ የያዙ ሴቶችን ገፍቶ የሚያልፍ አርሲ የለም፤ ቢያልፍ ዘሩም ከብቱም አይባረክም። ከፊት የቆመችው የከዲሮ እናት ዙሀራ ነበረች። ድልድዩ አፍ ላይ ተደርድረው ቆሙ። የትራክተሩ ሾፌር ቱሳ የሚባል የአርሲ ልጅ ነው፤ ናዝሬት ወርዶ ነው መንዳት የተማረው። ሴቶቹን ሲያይ ሞተሩን አጠፋ፤ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። አጎቴ ቢጮህ፣ ቢዝት፣ ከሥራ አባርርሃለሁ ቢለው ንቅንቅ አላለም። ሁሩታ ለፖሊስ ተላከ። ፖሊሱ ነገ ዛሬ ሲል ዋለ፤ አደረ። ፖሊስ ቢመጣ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ሴቶቹ እያሸነፉ ነበር።

በማግሥቱ የአቶ አስናቀ ላንድሮቨር ደረሰች።

እኔም መኪናው ውስጥ ነበርኩ። አቶ አስናቀ «ትምህርት ቤቱ ቢፈቀድ እንኳ እዚያ ገደል ማን ሄዶ ያስተምርልኛል?» ሲል «እኔ» ብዬው ስለነበር ቦታውን እንዳይ ይዞኝ ሄደ። ከሩቅ ቀዩ ትራክተር ታየን፤ ቀጥሎ ሴቶቹ። አጎቴ ጥላ ዘርግቶ ከወንዙ ወዲህ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ቱሳ ቆሎ ይቆረጥማል። አቶ አስናቀ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ «ይሄ ምን ሰልፍ ነው?» አለ።

ከዲሮ እየሮጠ መጣ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። «እንኳን ደህና መጡ ጋሼ። ከዚህ በእግር እንሂድ፤ ትምህርት ቤቱ ያው ይታያል።»

እውነቱን ነው፤ የሣር ክዳኑ ከማዶው ጉብታ ላይ ይታይ ነበር።

«ይታያል» አለ አቶ አስናቀ። «ግን እኔ የምፈርመው መኪና ይገባል ብዬ ነው። በእግሬ ገብቼ መኪና ይገባል ብዬ ልዋሽ?»

«ድልድዩን እያዩት! ላንድሮቨር አይደለም ትራክተር ይችላል እኮ!»

«ትራክተሩም ቆሟል፣ እኔም ቆሜያለሁ። ይኸውልህ ልጄ፣ የመጪው ዓመት ምደባ በዚህ ወር ያልቃል። ተመልሼ አልመጣም። አስተማሪ ከፈለጋችሁ አስከፍትልኝ።»

ነደደኝ። «የምመደበው እኔ ነኝ፤ እኔ በእግሬ መሄድ እችላለሁ» አልኩት።

«አንቺ ትችያለሽ፤ ደንቡ አይችልም» አለኝ። ቀልዱን አልነበረም።

ከዲሮ ላንድሮቨሯን ይዞ ቆመ። ወደ እናቱ ያያል፤ ወደ ሣር ክዳኑ ያያል። ከዚያ አቶ አስናቀን ሁላችንም እየሰማነው፣ «ትምህርት ቤቱ ዛሬ ከተመዘገበ ይህን ሕዝብ አያነሡትም ብለውኛል። አሁንም ይላሉ?» ብሎ ጠየቀው።

«ነግሬህ የለ። ሰው የሌለበት ትምህርት ቤት የለም።»

ከዲሮ ወደ ድልድዩ ሄደ፤ ከመኪናው ወርጄ ተከተልኩት። ከእናቱ ጋር የተነጋገሩት በኦሮምኛ ነው። እኔም ከእሱ ጋር ሳድግ ለምጄው ስለነበር ቃል በቃል ሰማሁ።

«እናቴ፣ ለዚህች መኪና ክፈቱላት። አስተማሪ የሚሰጠን ሰውዬ ነው።»

ዙሀራ አጭር፣ ፊቷ በፀሐይ የከሰለ ሴት ናት። ሲንቄዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ሲንቄ አይከፋፈልም ከዲሮ» አለችው። «የምንከፍተው መርቀን ነው። ከከፈትን ከፈትን ነው። ካልከፈትንስ?»

«ልጆቹ አይማሩም።»

«ከከፈትንስ መሬቱ?»

«ትምህርት ቤት ያለበትን ሕዝብ አያነሡም።»

«ይህን ማን አለህ?»

«መንግሥት» አለ፤ በእጁ ላንድሮቨሯን አሳያት።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሁሉም ጽድ ሥር የተማረ ልጅ አላቸው፤ ስሙን አፈር ላይ በጣቱ ጽፎ ያሳያቸው ልጅ። ከኋላ አንዲት ጎበጥ ያለች ባልቴት፣ «እሱ ተምሯል፤ እኛ ምን እናውቃለን? እሱ ይወቅልን» አለች። ሌሎቹም «እሱ ይወቅልን» አሉ። ሰውን በዚህ መጠን ማመን ለታመነው እዳ ነው።

ከወንዙ ዳር ለምለም ሣር ነጩ። ድልድዩ ላይ እየበተኑ፣ «ግቡ፤ በሰላም ግቡ፤ ልጆቻችን ይማሩ» ብለው መርቀው ግራና ቀኝ ቆሙ። ላንድሮቨሯ አለፈች። አቶ አስናቀ በመስኮት ባርኔጣውን አንሥቶ አመሰገናቸው።

አጎቴ ጥላውን አጥፎ ተነሣ። «ቱሳ! ተከፈተ እኮ! ተነሣ!»

ቱሳ አልተነሣም። «ግራዝማች፣ እነሱ ሳይሉኝ አልነካውም። እኔም እናት ወልዳኛለች።»

«እንግዲያ ጠይቃቸዋ!»

ቱሳ ቆሎውን ኪሱ ከትቶ ተነሣ። ኮፍያውን አውልቆ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመና ዙሀራን፣ «እናቴ፣ መንገዱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ?» አላት።

ከዲሮ ጮኸ። «ለመኪናዋ ብቻ ነው! ንገሪው! ለመኪናዋ ብቻ ነው በይው!»

«አንተን አልጠየቅሁም» አለ ቱሳ፤ አላየውም።

ዙሀራ ልጇን አየች። ከእግሯ ሥር የራሷ እጅ የበተነው ሣር ገና አልጠወለገም፤ ሲንቄዋም በእጇ ናት። ሲንቄ የያዘች ሴት አትዋሽም፤ ከዋሸች ከዚያ ወዲያ የያዘችው በትር ብቻ ነው። ዝግ ነው ማለት ትችል ነበር። አንድ ቃል ናት። እኔ ብሆን እል ነበር፤ ከዲሮም ቢሆን ይል ነበር፤ የተማርን አይደለን!

«ክፍት ነው» አለች።

ትራክተሩ ተነሥቶ አለፈ። ድልድዩ አልተንቀጠቀጠም፤ አጥብቀው ነበር የሠሩት።

አቶ አስናቀ ትምህርት ቤቱን በደንብ አየ። መስኮቱን ለካ፣ ግድግዳውን መታ መታ አደረገ፣ «በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ፈረመ። ምሳውን የበላው አጎቴ ከወንዙ ወዲህ ባስተከለው ድንኳን ውስጥ ነው። ከዲሮ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ጠበቀውና ሲወጣ፣ «ጋሼ፣ ለግራዝማች ይንገሩልኝ። አያነሡም ብለውኝ ነበር» አለው።

አቶ አስናቀ እጁን በመሐረብ ይጠርግ ነበር። «ብዬ ነበር፤ እውነት መስሎኝ ነው። እኔ ግን የትምህርት ሰው እንጂ የመሬት ሰው አይደለሁም። ምን ሥልጣን አለኝ ብለህ ነው?»

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ። ይህኛው እንኳን ሊያስጥል ከጅቡ ጋር ምሳ በልቷል። አጎቴን ለብቻው አግኝቼ አለቀስኩበት። ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ አገጬን ይዞ፣ «እኔ ትምህርት ከለከልኩ? የገዛ መሬቴን አረስኩ። ምን አጠፋሁ?» አለኝ። የሚያናድደው ከልቡ መሆኑ ነው።

ዙሀራን ያን ቀን ማታ ከመለያየታችን በፊት እንደገና እንዲሰለፉ ከዲሮ ሲለምናት ሰማሁ። «የመረቅነውን መንገድ መልሰን አንዘጋም» ብቻ አለችው። አልተቆጣችውም። ብትቆጣው ደስ ይለው ነበር፤ ጉንጩን ደጋግሞ ያቀርብላት ነበር፣ ግን አልመታችውም።

እስከ ግንቦት መጨረሻ ጉራቻ ማዶ ባዶ ሆነ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ተነሡ ስለተባሉ ደጋውን ሁሉ ተበተኑ፤ ከፊሉ ሁሩታ ዘመድ ጋ፣ ከፊሉ በሰው አጥር ሥር ተጠግቶ ከረመ። ሀሰኖ ሐምሌ ላይ ሁሩታ አንድ ዘመዱ ጎተራ ውስጥ ተኝቶ በሳንባ ምች ሞተ። አሰላ ከተማ ደግሞ ወሬ ሆነ። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!» እያሉ በከዲሮ ተሳለቁ። ከስንቱ ጋር ተጣላሁ! ሣሩ ለእሱ አልነበረም። እሱማ በልቶ ጠግቧል፤ ዲግሪው እጁ ላይ ሊገባ ነበር። ለሌላው ሣር ሊያጭድ ሲል ነው። ደግሞስ እነሱ ድልድዩ ሲሠራ የት ነበሩ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

መስከረም 1964 እኔ ተመደብኩ። አጎቴ የሣር ክዳኑን አስነሥቶ ቆርቆሮ አለበሰው፤ በሩ ላይ የራሱ ስም በትልቁ ተጻፈ። ዙሪያውን እስከ ዓይን ማየት ድረስ ስንዴ ነው። የተማሪዎቼ አባቶች የእርሻው ሹም፣ ዘበኞቹና ቱሳ ናቸው፤ ለልጆቹ ሁሉ ሁለት አግዳሚ ወንበር ይበቃቸዋል። ሌሎቹ ወንበሮች ባዶ ናቸው፤ ከዲሮ ከተማሪዎቹ ጋር በእጁ የጠረባቸው ናቸው። አቶ አስናቀ ሊጎበኘኝ መጥቶ በር ላይ ቆመና፣ «ልጆቹ የታሉ?» አለኝ።

«ሰው የሌለበት ትምህርት ቤት የት አይታችሁ ታውቃላችሁ ይሉ አልነበር? ይኸው ይዩት» አልኩት። መዝገቡ ላይ ስለ ቆርቆሮው ክዳን ጽፎ ሄደ።

ከመስቀል በኋላ በሁሩታ ገበያ ቀን የጉራቻ ማዶ ሰዎች ተሰብስበው ወደ አቦምሳ ቆላ ሊወርዱ ነው ሲባል ልሰናበታቸው ሄድኩ። እዚያ ባለቤት ያልያዘው ጫካ አለ፤ መንጥረን እናርሳለን ብለው ነው። ወባ እንዳለ ያውቃሉ። ከገበያው ዳር አህዮቻቸውን ሲጭኑ አገኘኋቸው። ከዲሮ ከእነሱ ጋር ነው። ከስቷል፤ ፀጉሩን ተላጭቷል። ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ ጓደኞቹ ገብተው ነበር።

«አንድ ዓመት ነው የቀረህ፤ አትመለስም?» አልኩት።

«ማን ከፍሎልኝ?» አለኝ፤ እናቱን በዓይኑ ጠቆመኝ። ገንዘብ ሳይሆን የእናቱን እዳ ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። የምነግረው ነገር ነበረኝ፤ ከዓመታት ጀምሮ የቆየ። ያን ቀንም አልነገርኩትም። ለማን ይበጃል ብዬ ነው።

ዙሀራ አጠገቤ መጥታ ሁለት እጄን ያዘችኝ። በተሰባበረ አማርኛ ሞከረች፤ በኦሮምኛ መለስኩላት።

«ትምህርት ቤቱ ተከፈተ አሉ» አለችኝ።

«ተከፍቷል።»

«የሾፌሩ፣ የቱሳ ልጆች ይማራሉ?»

«ይማራሉ።»

«ደግ። የጠየቀን እሱ ብቻ ነው።»

ከዲሮ ይህን ሰምቶ ጭነቱን ትቶ መጣ። እናቱ ፊት ተንበረከከ፤ በገበያ መሀል፣ ሰው ሁሉ እያየ። «እናቴ፣ አብሬያችሁ እወርዳለሁ። እዚያ ትምህርት ቤት የለም። ልጆቹን እኔ አስተምራለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ አስተምራለሁ» አላት።

ዙሀራ የተላጨ ራሱን በመዳፏ ዳበሰችው። «ና፤ አስተምራቸው» አለችው። «ድልድይ ግን እንዳትሠራልን።»

ሴቶቹ ሣቁ፤ ያቺ ባልቴት ዓይኗን እየጠረገች ሣቀች። ከዲሮም አብሯቸው ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ አልሆነለትም።